የካፒቴን ካሊና እጆች

ናይደን ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት እጅ ያበላሻል። መጀመሪያ አሳምሮ ይስለዋል፤ መዳፉ በልኩ፣ ጣቶቹ በየቦታቸው፣ አውራ ጣቱም እንደ እግዜር ፈቃድ። ከዚያ ላጲሱን ያነሳና ሁለት ሦስት ጣት ያጠፋል። አንዱን ጣት እንደ ሙዝ ያሳብጠዋል፣ ሌላውን ያሳጥረዋል፣ አውራ ጣቱን ደግሞ ነቅሎ ጣት ሊበቅል በማይችልበት ቦታ ይተክለዋል። ሲጨርስ ወረቀቱን ራቅ አድርጎ ያየውና «አሁን ገና ተበላሸ» ብሎ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞት ይወጣል።

ይሄን ያየ ሰው አብዷል ቢል አይፈረድበትም። ናይደን ግን አላበደም። እኛ ከተማ፣ ሎም ወደብ ላይ፣ የጭነት መኪና ሲመዝን የኖረ ሰው ነው፤ ረጋ ያለ፣ ነገር የማያበዛ፣ ሰላምታ እንኳ ሲሰጥ የሚቆጥብ። እጁን የሚያበላሸው በምክንያት ነው። ምክንያቱ ራይና ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ዳኑብ ዳር፣ የንባብ ቤቱ ፎቅ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የስዕል ማኅበር አለ። የተማረ ሰዓሊ የለበትም፤ ሁሉም ጀማሪ ነው፣ ፀጉሩ ሲሸብትም ጀማሪ ነው። ተራራና አበባም አይስሉም። እያንዳንዱ ከራሱ ጭንቅላት የወለደው አንድ ገጸ ባሕርይ አለው፤ ዕድሜ ልኩን እሱን ብቻ ነው የሚስለው። ሰብሳቢው ጋሼ ፔንቾ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው፤ የሚስሉት አንድ ባለ ባርኔጣ መርማሪ ነው። ጢሙ የሳቸው፣ አፍንጫው የሳቸው፣ ወገቡ ብቻ የሳቸው አይደለም። የጥርስ ሐኪሙ ስፓስ ጡንቸኛ ጀግና ይስላል፤ ጭኑ ሲታይ የወይን በርሜል ነው የሚመስለው። ናይደን ደግሞ ካፒቴን ካሊናን ይስላል። ካፒቴን ካሊና የወንዝ ጀልባ የምትነዳ ሴት ናት። ረጅም ካፖርት ትለብሳለች፣ ኮፍያዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ ሁልጊዜም ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ ነው የምትቆመው።

ማኅበሩ ደንብ አለው፤ ደንቡም ቀልድ አያውቅም። አስተያየት የሚሰጥ ሰው የሌላውን ስዕል በእርሳስ አይነካም። ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ስስ ወረቀት ላዩ ላይ ያነጥፍና እርማቱን በቀይ እርሳስ እዚያ ላይ ይስላል። ባለ ስዕሉ እስኪያልቅ ድረስ ዝም ይላል፤ «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነበር» የለ፣ «እጄን ብርድ መትቶኝ ነው» የለ። ሲያልቅ የሚፈቀድለት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አመሰግናለሁ»። ያን ካለ በኋላ ስሱን ወረቀት ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደግሞ ማንም ሰው በገዛ ስዕሉ ላይ ስሱን ወረቀት አያነጥፍም። «የራስህ ስህተት ቢታይህማ ኖሮ መች ትሳሳት ነበር!» ይላሉ ጋሼ ፔንቾ። ደንቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ድሮ ሁለት አባላት በአንድ ፈረስ እግር የተነሳ በወንበር ተፈነካክተው ነበር አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ነው።

ራይና የመጣችው ባሏን ከቀበረች በኋላ፣ ቤቱ አላስቀምጥ ሲላት ነው። በሆስፒታል የተሰበረ እጅ በጄሶ ስታስር የኖረች ነርስ ናት። የሷ ገጸ ባሕርይ ነጠላ ጫማ አድርጋ የምትዞር ጠንቋይ ነበረች፤ አስማቷ ሁሉ ከሽንኩርት ጋር ነው። በመጣች በመጀመሪያው ቅዳሜ ዕጣው የናይደንን ስዕሎች እንድታይ ወጣላት። ሦስቱን ካፒቴን ካሊናዎች ጎን ለጎን ደርድራ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየቻቸው።

«ይቺ ካፒቴን ለምንድን ነው እጇን ከኪሷ የማታወጣው?» አለች። «በርዷታል? ወይስ የሰረቀችው ነገር አለ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ናይደን እስከ ጆሮው ቀላ።

«እዚህ ጋ ደግሞ እጇ ከጀርባዋ ነው። እዚህኛው ላይ በርሜል ሸፍኖታል። ወንድሜ፣ እጅ መሳል አትችልም፤ አይደል?»

ናይደን አፉን ከፈተ።

«እ! እ!» አሉ ጋሼ ፔንቾ ጣታቸውን ቀስረው። ናይደን አፉን ዘጋ።

ነገሩ እውነት ነበር። እጅ ያቃተው ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፤ ኪስ ይስላል፣ ሰፊ እጅጌ ይስላል፣ እቅፍ አበባ ያስይዛል። ስፓስ እንኳ ጀግናውን ሁልጊዜ ጓንት ነው የሚያለብሰው። ራይና ግን ስቃ አላለፈችም። ወንበሯን ጎትታ ከናይደን ጎን ተቀመጠች፣ ስሱን ወረቀት አነጠፈች፣ ቀዩን እርሳስ አነሳች። ከዚያ የካፖርቱን ኪስ በስታ እጅ አወጣች። መጀመሪያ መዳፍ፣ ከዚያ አራቱ ጣቶች ባንድ ላይ፣ አውራ ጣቱ ለብቻ።

«አውራ ጣት እንደ ጎረቤት ነው» አለችው ቀና ሳትል። «ከቤተሰቡ ጋር አይኖርም፤ ግን እሱ ካልመጣ የሚነሳ ዕቃ የለም። እስቲ ብርጭቆ ያዝ። አየኸው?»

ናይደን ብርጭቆውን ያዘ። ያየው ግን የሷን እጅ ነው። የቀኝ አውራ ጣቷ ጫፍ ወደ ውጭ ትንሽ ጠመም ይላል፤ የሰው አጥንት ስታቃና ኖራ የራሷን ችላ ያለችው። የእጅ ቅባቷ ሽታ ደግሞ አለ። ናይደን ሚስቱ ጥላው ከሄደች ጀምሮ ከሬዲዮ በቀር የሚያናግረው በሌለበት ቤት ነው የሚኖረው፤ ከጎኑ ሰው ተቀምጦ የሱን ነገር እንዲህ ተጨንቆ ያየለት መቼ እንደነበር አያስታውስም። «አመሰግናለሁ» አለ ሲያልቅ። 

ያን ስስ ወረቀት ቤቱ ወስዶ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ከዚያን ቀን ወዲህ ማኅበሩ የሁሉንም ስዕል እንድታርም ለሷ ስለተወላት በሳምንቱ ሌላ ጨመረ፣ በሳምንቱ ሌላ። ማታ ማታ ከሥራ ሲገባ ቀያዮቹን እጆች እያየ ይለማመዳል። ሹካ የያዘ እጅ፣ ገመድ የሚጎትት እጅ፣ ጭን ላይ ያረፈ እጅ። በረዶው ከመቅለጡ በፊት ናይደን እጅ መሳል ቻለ። የመጀመሪያውን ደህና እጅ የሳለ ዕለት ብቻውን ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ አጨበጨበ፤ አይ ሰው! ልጅ ነው እኮ የሚያክለው። በማግስቱ ስዕሉን በቦርሳው ይዞ እየሮጠ ወደ ንባብ ቤቱ ፎቅ ወጣ። «ጎበዝ» ስትለው ሊሰማ ነው።

የስፓስ ተራ ቀደመ። ስፓስ ወራት ሙሉ የተነገረውን ሰምቶ በመጨረሻ የሰው ጭን የሚመስል ጭን ስሎ መጥቷል። ራይና አየችው። «ጥሩ ነው፤ በርታ» አለችና ወንበሩ ላይ እንኳ ሳትቀመጥ አለፈች። እስከ ትናንት ሩብ ሰዓት ከጎኑ ትቀመጥ የነበረችው ሴትዮ! ስፓስ ደስ ብሎት ፈገግ አለ። የናይደን ልብ ግን ዱብ አለ።

«መጣሁ» ብሎ ቦርሳውን ይዞ ሽንት ቤት ገባ። በሩን ቆለፈ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፣ ላጲሱን አወጣ። ያን የለፋበትን አውራ ጣት አጠፋውና ትንሿ ጣት አጠገብ ተከለው። ሲመለስ ራይና ስዕሉን አይታ ተነፈሰች።

«አዬ ናይደን፣ እሱን አውራ ጣት ደግሞ የት ወሰድክብኝ?» ብላ ወንበሯን ጎተተች።

በዚሁ ለመደው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሳምንቱን ሙሉ መኪና ይመዝናል፣ አርብ ማታ አሳምሮ ይስላል፣ ቅዳሜ ጠዋት ያበላሻል፣ ከሰዓት ከጎኑ ትቀመጣለች። ያቺን ሩብ ሰዓት ለማግኘት ሲል ደደብ መባልን ዋጠው። ስፓስማ «ጋሽ ናይደን፣ ይሄን ጣት ነቅዬ ልትከልልህ? ጥርስም አላቃተኝ» እያለ ያሾፍበት ነበር። ናይደን ይስቃል። አንድ ቀን ተነስቶ «ራይና፣ ወንዝ ዳር እንሂድ» ሊላት ያስባል፤ ከዚያ «እምቢ ብትለኝ ቅዳሜዋም ትቀርብኛለች» ይላል፤ ይተወዋል።

በማርች የመጀመሪያው ቀን፣ እንደ ልማዳችን፣ ራይና ቀይና ነጭ ክር ገምዳ መጥታ ለሁሉም እጃቸው ላይ አሰረችላቸው። ሽመላ እስኪታይ ወይም ያበበ ዛፍ እስኪታይ አይፈታም። የናይደንን ስታስር ክሩ አጥሮ አስቸገራት፤ ጎንበስ ብላ፣ አውራ ጣቷን የደም ሥሩ ላይ አስደግፋ፣ ቋጠረችው። «ልብህ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚመታው?» አለችው። «ደረጃው ነው» አላት። ደረጃውን ከወጣ አንድ ሰዓት ሆኖት ነበር።

ያኑ ቀን ጋሼ ፔንቾ ጠረጴዛውን አንኳኩተው ተናገሩ፤ በሜይ ለሚከበረው የፊደል ቀን ታች አዳራሹ ውስጥ ኤግዚቢሽን ይደረጋል፣ እያንዳንዱ አንድ ስዕል ይሰቅላል፣ ከንቲባውም ይመጣል።

«እኔም እስከዚያው ነኝ» አለች ራይና የቀረውን ክር እየጠቀለለች። «ቫርና ያለችው እህቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። ማንም የላትም። ቤቴን አከራይቼ እሷ ጋ ልገባ ነው።»

«ለስንት ጊዜ?» አለ ስፓስ።

«ለስንት ጊዜ ይባላል? በቃ ልኖር ነዋ።»

የናይደን ወሽመጡ ቁርጥ አለ። ቫርና ማለት እኮ የአገሩ ሌላኛው ጫፍ ነው፤ ባሕሩ ጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መንገድ ሲሄድ አንገቱን ደፍቶ መሄድ ጀመረ። ሽመላ እንዳያይ፣ ያበበ ዛፍ እንዳያይ። ክሩን መፍታት አልፈለገም። የፕሪም ዛፎች ከተማውን ነጭ በነጭ ሲያደርጉት እሱ ጫማውን እያየ ነው ወደ ወደቡ የሚወርደው።

እጅ ማበላሸቱን ግን አልተወም። እንዲያውም አባሰበት፤ ቅዳሜዎቹ እያለቁ ስለሆነ ስህተቱን አበዛው፣ ቶሎ እንዳትነሳ።

ከኤግዚቢሽኑ በፊት በነበሩት የመጨረሻ ሳምንታት በአንዱ፣ ራይና ስሱን ወረቀት አነጠፈች፣ ቀዩን እርሳስ አነሳች፣ ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው።

«ናይደን» አለች ቀስ ብላ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ። «እኔ ማስተማር አልችልም መሰለኝ።»

ናይደን ዓይኑን ከወረቀቱ ሳይነቅል ጆሮውን አቆመ።

«ስፓስ ጭን ተማረ። ጋሼ ፔንቾ በዚህ ዕድሜያቸው ጆሮ ተማሩ። አንተ የምነግርህን ሁሉ ትሰማለህ፣ ትሞክራለህ፣ አንድ ቀን ቀርተህ አታውቅም። ጥፋቱ ካንተ ሊሆን አይችልም። እኔ ነኝ የማላውቅበት። ሆስፒታልም እያለሁ አዳዲሶቹን ነርሶች ሳሠለጥን እንዲህ ይሉኝ ነበር፤ ታውቂያለሽ እንጂ አታሳውቂም። ለካ እውነታቸውን ነው።» ዓይኗ ውሃ ሞላ። «አንድ ደህና እጅ ሳላይልህ ልሄድ ነው። ይሄ ደግሞ ያንገበግበኛል።»

ናይደን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። እሷ ግን እርሳሱን መልሳ አንስታ፣ እንደ ወትሮው፣ አውራ ጣቱን ከስደት ወደ ቦታው መለሰችው። ሲያልቅ «አመሰግናለሁ» አላት። ቃሉ አፉ ውስጥ መረረው።

ቤቱ ገብቶ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። ግድግዳው ዙሪያውን ቀይ እጅ ነው፤ ሁሉም የሷ ድካም ነው። እሱ የፍቅር ብልሃት ያገኘ መስሎት ሲደሰት እሷ ለካ ሳምንት በሳምንት «አልችልም፣ አልችልም» እያለች ነበር ወደ ቤቷ የምትሄደው። እሱን ተማምና በለፋችው ልፋት ነው የቀለደው። «አንተ የማትረባ!» አለ ጮክ ብሎ ራሱን። ያን ምሽት እራት አልበላም።

ለመጨረሻው ቅዳሜ ያልተበላሸ ስዕል ይዞ ሄደ። ካፒቴን ካሊና ጀልባዋ ላይ ቆማለች፤ ፊቷ እንደ ልማዷ ወደ ወንዙ ዞሯል። ሁለት እጇ ግን ውጭ ነው። የአንድ መርከበኛ ክንድ ላይ ቀይና ነጭ ክር ታስራለች። የጣቶቹ አያያዝ፣ የክሩ ውጥረት፣ የደም ሥሩ ላይ የተደገፈው አውራ ጣት፤ ጫፉ ወደ ውጭ ትንሽ ጠመም ያለ።

ራይና ስሱን ወረቀት አነጠፈች። ቀዩን እርሳስ አነሳች። እርሳሱ አየር ላይ ቀረ።

ስፓስ ወሬ ሊያወራ ዞሮ ስዕሉን ሲያይ ወሬውን ረሳው። ጋሼ ፔንቾ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉ። ራይና አውራ ጣቷን አጠገቡ አስቀምጣ አየችው፤ የሷንና የወረቀቱን። ፊቷ መጀመሪያ በራ። ልክ የተሰበረ እጅ በጄሶ አስራ፣ በወሩ ፈትታው፣ ሲንቀሳቀስ እንዳየች። ከዚያ ብርሃኑ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ይሄ የአንድ ሳምንት እጅ አይደለም» አለች። «ከመቼ ጀምሮ ነው የቻልከው?»

ናይደን ዝም አለ። ገና አልጨረሰችማ።

«ከአምና ጀምሮ? ከካቻምና?» አለች። «እኔ ቁጭ ብዬ ስለፋ አንተ እያወቅህ ነው? እየሳቅህብኝ ነበር?»

ናይደን ጋሼ ፔንቾን አየ፤ ጋሼ ፔንቾ ጣራውን ያያሉ። ራይና እርሳሱን አስቀመጠች። አንዲት መስመር ያልተሰመረበትን ስስ ወረቀት አንስታ ሰጠችው።

«የሚታረም ነገር የለውም» አለች። «ጨርሻለሁ።»

ከዚያ ጠበቀችው። አልተነሳችም፣ ካፖርቷን አላነሳችም፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ጠበቀችው። ንግግሩ በሙሉ ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ነበር፤ ከጎኔ እንዳትነሺ ብዬ ነው፣ ስፓስን ትተሽው ስትሄጂ አይቼ ነው፣ ሌላ መላ አጥቼ ነው። አንደበቱ ግን የለመደውን ደገመ።

«አመሰግናለሁ» አለ።

«ምንም አይደል» አለች ራይና። ካፖርቷን አንስታ ወጣች። ኮቴዋ ደረጃው ላይ ጠፋ።

«አንተ አህያ!» አሉ ጋሼ ፔንቾ ጠረጴዛውን በጡጫ መትተው። «ተናገር እንጂ! አፍህን ምን ያዘው?»

«ደንቡ ነዋ!»

«ደንቡ ለስዕል ነው እንጂ ለሰው ነው እንዴ?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ያወጡት!»

«እኔ ያወጣሁት በወንበር እንዳትፈነካከቱ ነው! አሁንስ በወንበር ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር!»

የፊደል ቀን ስዕሉ አዳራሹ መሃል ተሰቀለ። ከንቲባው ፊቱ ቆመው «እጆቹ! እጆቹን እዩማ!» አሉ፤ ሰው ተጋፍቶ አየ። ናይደን በሩን ነበር የሚያየው። ራይና ዋዜማውን በባቡር ሄዳለች።

በጋው መጣ። ሊንደን የሚባለው የመንገድ ዳር ዛፍ አበበ፣ ረገፈ። ናይደን ክሩን አልፈታም፤ ቀዩ ሮዝ ሆነ፣ ነጩ ቡናማ ሆነ። ካፒቴን ካሊናንም ተዋት። አሁን የሚስለው የራይናን ፊት ነው፤ ማለቴ ሊስል ይሞክራል። አልሆነለትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎኗ ተቀምጦ ያየው እጇን ነው፣ ከዚያም ካለፈ ጆሮዋንና ግማሽ ጉንጯን። ቀና ብሎ ፊት ለፊት ያያት ያቺ «አመሰግናለሁ» ያለባት ቀን ብቻ ናት፤ ያን ቀን ደግሞ ምን አይቶ! አንዴ አክስቱን ትመስላለች፣ አንዴ የሰፈሩን ቄስ ትመስላለች። ስህተት እንዳለው ያያል፤ ስህተቱ የት እንደሆነ ግን አያውቅም። አንድ ቀን ያን ባዶ ስስ ወረቀት አምጥቶ ላዩ ላይ አነጠፈው፣ ቀይ እርሳስም ያዘ። ዝም ብሎ አፈጠጠበት። ከዚያ የሷ የመጨረሻ ወረቀት መሆኑ ትዝ ሲለው ሆድ ባሰውና አጥፎ አስቀመጠው።

በመጨረሻ ስዕሉን ለማኅበሩ አመጣ።

«ማናት ይቺ?» አለ ስፓስ።

«ራይና ናት።»

«ጋሽ ናይደን፣ ይቺ ራይና ከሆነች እኔ ጳጳስ ነኝ።»

ናይደን ስሱን ወረቀት ወደ ጋሼ ፔንቾ ገፋ አደረገው። እሳቸው መልሰው ገፉት።

«እኔ አላርመውም» አሉ። «ስፓስም አያርመውም። ይሄን ፊት የምታርም አንዲት ሴት ናት። አድራሻዋን አላውቅም እንዳትለኝ ደግሞ፤ ይኸውልህ።» አድራሻው ተጽፎ ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ እግዜር ይወቅ ከመቼ ጀምሮ ይዘውት እንደሚዞሩ።

እስከ ቫርና በባቡር ቀኑን ሙሉ ነው። ናይደን የሚናገረውን መንገዱን ሁሉ ሲለማመድ ሄደ፤ አጠገቡ የተቀመጡት አሮጊት ብቻውን ሲያወራ ሰምተው ቦታ ቀየሩ። የበርበሬ መጥበሻ ወራት ስለሆነ ከተማው ሁሉ የተጠበሰ ቃሪያ ይሸታል። ቤቱን አግኝቶ አንኳኳ። ራይና ሽርጥ አድርጋ ከፈተች፤ ቃሪያ ስትልጥ ነበርና እጇ በጥላሸት ጠቁሯል።

አየችው። ፈገግም አላለችም፣ በሩንም አልዘጋችም።

«ምን ልሁን ብለህ መጣህ?»

በባቡር የተለማመደው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። የተጠቀለለውን ወረቀት አቀረበላት።

«አስተያየት ፈልጌ ነው» አለ።

እጇን በሽርጧ ጠረገች። ወረቀቱን ፈትታ፣ ወደ ብርሃኑ አዙራ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው።

«ማናት?»

«አንቺ ነሽ።»

«እኔ?!» አለች። «እኔ ነኝ ይቺ? አፍንጫዬን ማን ሰብሮት ነው? ዓይኔስ፣ አንዱ እኛን ሲያይ አንዱ ወንዙን ተሻግሮ ሩማንያን የሚያየው ምን ቢያገኝ ነው?» ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው። ፊቷ ጠቆረ። «ናይደን። አውቀህ ነው ያበላሸኸው?»

«አይደለም» አለ። «በናቴ መቃብር አይደለም። ከዚህ በላይ አልችልም፤ በጋውን ሙሉ ሞክሬ ነው ይሄ የወጣው። ያኔ እጅ የማበላሸው ከጎኔ እንዳትነሺብኝ ብዬ ነው። አንድም ቀን አልሳቅኩብሽም። ስትደክሚ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም፣ ደስታዬ አሳወረኝ። ይሄን ያን ዕለት ልነግርሽ ሲገባኝ፣ እኔ የማልረባ፣ ‹አመሰግናለሁ› አልኩሽ። ፊትሽን ግን... ቀና ብዬ አይቼሽ አላውቅም እኮ፣ ፈርቼ። ይሄ የእውነት አለመቻል ነው።»

በሕይወቱ ይሄን ያህል ተናግሮ አያውቅም። 

ራይና መልሳ ስዕሉን አየች፤ አፍንጫውን፣ አገጩን፣ በላጲስ ደጋግሞ ጠፍቶ የተሳለውን አፍ። ቀስ ብላ፣ የተሰበረውን ቦታ እየፈለገች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ክንዱ ወረደ።

«ሽመላው መጥቶ እኮ ሄዷል» አለች።

«አላየሁም።»

«ውሸታም። ሎም ላይ ሽመላ ያላየ ሰው አለ?»

«አንገቴን ደፍቼ ነው የከረምኩት።»

«ራይና! ማን ነው?» አለ የሴት ድምፅ ከውስጥ።

ራይና ጥቁር እጇን ዘረጋች። ናይደን ገባው፤ ከደረት ኪሱ ያን የታጠፈውን ባዶ ስስ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። ተቀብላ አገላብጣ አየችው፣ አወቀችው፣ ስዕሉ ላይ አነጠፈችው። ሁለቱንም እንደያዘች ወደ ውስጥ ዞረች።

«አንድ ሳህን ጨምሪ፣ እህቴ!» ብላ ተጣራች። ከዚያ ለሱ፣ «ግባ። ይሄ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም።»

ናይደን «አመሰግናለሁ» ሊል አፉን ከፈተ።

«ዝም በል» አለችው ራይና። «ገና አልጨረስኩም።»